የሶዶ ነጋዴ ዕዳ ሲጠናበት ከአራጣ በፊት ወዴት ይሂድ?

የዱቤ ንግድ ለወላይታ ሶዶ ገበያ አዲስ ነገር አይደለም። ቸርቻሪው ከጅምላ አከፋፋዩ፣ ደመወዝተኛው ደግሞ ከቸርቻሪው በዱቤ ይወስዳል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ግን ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በአካባቢው ማሳ ላይ ሲደርስ በምርቱ ተስፋ የጣለ ገበሬም ነጋዴም ተጎድቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዞኑ ያሉ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው በወቅቱ እንዳልተከፈላቸው ሲያሰሙ ከርመዋል። መምህሩ ደመወዝ ካላገኘ የባለሱቁ የዱቤ መዝገብ አይዘጋም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለዕዳው ብዙውን ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል። ሲጨንቀው ደግሞ አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ መክፈል ይጀምራል። የዚህ ሳምንት ትምህርታችን ይህን አካሄድ ይመለከታል።

የአራጣ ሒሳብ

አንድ ነጋዴ 100 ሺህ ብር በወር 10 በመቶ ተበደረ እንበል። በዓመቱ ወለዱ ብቻ 120 ሺህ ብር ይሆናል፤ ዋናው ገንዘብ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ ሊስማሙ እንደማይችሉ ይደነግጋል። በዚህ ስሌት የዓመቱ ወለድ ከ12 ሺህ ብር አይበልጥም። የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደርም በወንጀል ያስቀጣል። ዳሩ ግን አራጣ አበዳሪ ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፍም። 100 ሺህ ሰጥቶ «220 ሺህ ብር ተበድሬአለሁ» የሚል ወረቀት ያስፈርማል፤ ወይም ቼክ ይቀበላል። ከፈረሙ በኋላ ማስተባበል እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ቼክ የዕዳ መያዣ አይደለም

ብዙ ነጋዴዎች የወደፊት ቀን ጽፈው ቼክ ይሰጣሉ። በሕግ ግን ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ከተጻፈበት ቀን በፊት ቢቀርብም በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን በእስራት ይቀጣል። ስለዚህ ተራ የገንዘብ ክርክር የነበረው ጉዳይ ቼክ ሲገባበት ወደ ወንጀል ይለወጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዕዳውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ምን መያዣ እንዳለበት ይለዩ። ከሰው ያለዎትን ዱቤም በጎኑ ያስፍሩ።

ሁለተኛ፣ ቤት የተያዘበትንና ቼክ የወጣበትን ዕዳ ያስቀድሙ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ቀኑ ሳይደርስ ወደ አበዳሪው ይሂዱ። «ትንሽ ታገሱኝ» ማለት ብቻውን አያሳምንም፤ በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ በአኃዝ ያቅርቡ። ባንክም ሆነ ማይክሮ ፋይናንስ የክፍያ ጊዜ እንዲያራዝም የሚጠየቀው በጽሑፍ ነው። በቡድን ዋስትና የተበደረ ሰው ጓደኞቹ ስለሚከፍሉለት አስቀድሞ ይንገራቸው። በዕቁብ ያለም ዕጣው እንዲቀደምለት ዳኛውን ሊለምን ይችላል፤ ነገር ግን የወሰደው ዕጣ እስኪያልቅ የሚከፈል ሌላ ዕዳ መሆኑን አይርሳ።

አራተኛ፣ ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ወይም በመሐላ ነው፤ መመለሱም እንዲሁ። ከፍለው ሲጨርሱ የፈረሙበትን ወረቀትና ቼክ ይቀበሉ።

አምስተኛ፣ ሰው ያማክሩ። የአገር ሽማግሌ ያስታረቀው ስምምነት በጽሑፍ ቢሆን ይጸናል። ነጋዴ ለሆነ ሰው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ንግዱ ከመክሰሩ በፊት ከአበዳሪዎች ጋር ዕዳን እንደገና የማደራጀት ሥርዓት አበጅቷል። የሕግ ባለሙያ ምክር ሳይፈልጉ ንብረት በችኮላ መሸጥ ጉዳት አለው።

አበዳሪ የሆነው አንባቢም ጥቅሙን ያስላ። የታሰረ ባለዕዳ ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ የተዘጋ ደግሞ ከምን አምጥቶ ይከፍላል? በየወሩ ጥቂት የሚከፍል ሰው ከሚደበቅ ሰው ይሻላል።

የወላይታ ቤተሰብ ለመስከረሙ ጊፋታ የሰንጋውንና የቅቤውን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማል። ይኸው ልማድ ለዕዳም ይሠራል። ከየገበያው ቀን ሽያጭ ትንሽ ለይቶ ለብቻው የሚያስቀምጥ ነጋዴ ቀኑ ሲደርስ ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።