ጥበብ የቃሉ አገልጋይ

የጥናት ንባብ፦ ዘጸአት 31፥1-11፤ 32፥1-6፤ 35፥30-35፤ ቈላስይስ 3፥16

መዝሙርን፥ ቅኔንና ሥዕልን ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ጌጥ እንቈጥራቸዋለን። የእግዚአብሔርን ቃል የሚያጠና ተማሪ አስቀድሞ ትርጓሜንና የስብከትን ሥርዓት ይማር፤ ዜማው ጊዜ ሲተርፍ ይደረስበታል እንላለን። ይህ አሳብ የቀና መሆኑን በቃሉ እንመርምር።

1. ስጦታው ከእግዚአብሔር ነው።

የማደሪያው ድንኳን እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠራው፤ መንፈሱንም ሞላበት። ይህ ሰው ካህን አልነበረም፤ በወርቅ፥ በብር፥ በናስ፥ በድንጋይና በእንጨት የሚሠራ ባለሙያ ነበረ። ከዚህም በላይ እርሱና ኤልያብ ሌሎችን ያስተምሩ ዘንድ በልባቸው እንደ ተሰጣቸው በምዕራፍ 35 እናነባለን። እንግዲህ ጥበብና ማስተማር ከጥንት አብረው ነበሩ።

ነገር ግን በምዕራፍ 32 ሕዝቡ ከጆሮአቸው ያወጡት ወርቅ በአሮን እጅ የጥጃ ምስል ሆነ። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ የእጅም ሙያ ያው ሙያ ነው። ልዩነቱ አንዱ እግዚአብሔር እንዳዘዘ፥ ሌላው ሕዝቡ እንደ ወደደ መሠራቱ ነው።

2. ጥበብ በቃሉ ይመራል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1522 ዓ.ም. በዊተንበርግ ከተማ አንዳንዶች ሥዕሎችን በኃይል ከቤተ ክርስቲያን ማውጣት በጀመሩ ጊዜ ማርቲን ሉተር ከዋርትቡርግ ተመልሶ በተከታታይ ስምንት ቀን ሰበከ። ጣዖት አስቀድሞ ከልብ መነቀል እንዳለበት፥ ይህም በቃሉ ስብከት እንጂ በግድ እንደማይሆን አስተማረ። በ1524 ዓ.ም. ዮሐን ቫልተር ላዘጋጀው የመዝሙር መጽሐፍም መቅድም ጻፈለት። በዚያም ወንጌል ጥበባትን ያጠፋል የሚሉትን ተቃውሞ ወጣቶች በሙዚቃ ይሠለጥኑ ዘንድ መከረ።

በዚያችው ከተማ በ1547 ዓ.ም. የቆመው የክራናኽ የመሠዊያ ሥዕል ይህንኑ ያሳያል። በታችኛው ክፍል ሉተር በአንድ ወገን ይሰብካል፤ ምእመናኑ በሌላው ወገን ያዳምጣሉ፤ በመካከላቸው የተሰቀለው ክርስቶስ አለ። የሰባኪውም እጅ ወደ እርሱ ያመለክታል። የጥበብ ሁሉ ስፍራ ይህ ነው፦ ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ ክርስቶስ ማመልከት።

3. ጥበብ ያስተምራል፤ ስለዚህም ይመረመራል።

በአገራችን የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪውን ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፥ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት አሳልፎ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ያደርሰው ነበር፤ ዛሬም ይህ ሥርዓት በየገዳማቱና በየአድባራቱ አለ። የቅኔ ተማሪ የሌላውን መድገም ብቻ አይበቃውም፤ በሰምና በወርቅ የራሱን ይቈጥራል። ይህንም ለማድረግ የመጽሐፉን ታሪክና ምሥጢር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

እኛስ? ማንበብ የማትችል እናት እሑድ የሰማችውን ስብከት በሳምንቱ መካከል ልትረሳው ትችላለች፤ መዝሙሩን ግን ወፍጮዋ አጠገብ፥ በሕመሟ አልጋ፥ በልቅሶም ቤት ትዘምረዋለች። መዝሙሩ የክርስቶስን ጸጋ ቢናገር ጸጋው ያጽናናታል፤ የሰውን ሥራ ብቻ ቢያወድስ ግን በጭንቅ ጊዜ ባዶዋን ይተዋታል። ስለዚህ መዝሙር የሚደርስ ሰው መምህር ነው፤ እንደ መምህርም ቃሉን ይማር። ሰባኪ የሚሆነውም ዜማን ይማር፤ የመንጋው መኖ የሚሆነውን ይመረምር ዘንድ ይገባዋልና።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶቻችን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ቢያጠና፥ ትርጓሜውን ቢጽፍ፥ ከዚያም ምሥጢሩን በሕዝቡ ቋንቋና ዜማ ቢደርስ፥ ሽማግሌዎችም ቢመረምሩት መልካም ጅማሬ ይሆናል። ነገር ግን ነቢዩ አሞጽ በ5፥23-24 ያስጠነቀቀንን አንርሳ፤ ፍርድና ጽድቅ በሌለበት እግዚአብሔር የዝማሬን ጩኸት አይሰማም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ባስልኤል መንፈስ ቅዱስን የተቀበለው ለምን ሥራ ነበረ?

ለ. በማኅበራችን አዘውትረን የምንዘምራቸው መዝሙሮች ስለ ክርስቶስ ምን ያስተምሩናል?

ሐ. ከመካከላችን ይህ ስጦታ ያለው ማን ነው? እንዲማርስ እንዴት እንርዳው?