የግንድ መጫኛ ሃይድሮሊክ ክንድ፦ ንድፉን ከመቀበላችን በፊት ልናውቀው የሚገባ

አጥቢያዎች ያለሙት ባሕር ዛፍ ለሽያጭ ሲደርስ ግንዱን ከመሬት አንሥቶ በተሳቢ ላይ የመጫኑ ሥራ በአብዛኛው የወጣቶች ትከሻ ሸክም ነው። 4 ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ግንድ 280 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን የሚያነሣ ክንድ ከአንድ የብረታ ብረት ጋራዥ ቢቀርብልን ደስ መሰኘታችን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ክንዱ በትክክል ካልተነደፈ ወገብ ከመጉዳት አልፎ ሕይወት ያጠፋል። ስለሆነም ውል የሚፈርመው ኮሚቴ መሐንዲስ ባይሆንም ምን መጠየቅ እንዳለበት ሊያውቅ ይገባዋል። (በቅጽሩ ውስጥ ያሉት ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ይህ ትምህርት አይመለከታቸውም፤ ማሽኑ የሚገባው ለሽያጭ ወደተተከለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።)

የዚህ መሣሪያ አገር ስዊድን ነው ማለት ይቻላል። በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የበረዶ መንሸራተቻ አምራች የነበረው ኤሪክ ሱንዲን በሁዲክስቫል ከተማ ሂያብ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። አሳቡም የጭነት መኪናው ሞተር መኪናውን ከመንዳት በተጨማሪ ጭነቱን ራሱ እንዲያነሣ ማድረግ ነበር። ዛሬም በሰሜን አውሮፓ ደኖች የሚታየው ክንድ በመሠረቱ ያው ነው፦ የሚዞር ቋሚ ምሰሶ፣ በእርሱ ላይ ዋናው ክንድ፣ ቀጥሎ እንደ ክርን የሚታጠፍ ሁለተኛ ክንድ፣ ከጫፉም ግንድ የሚጨብጥ መንጋጋ።

ጉልበቱ የሚመጣው ከታመቀ ዘይት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፓስካል እንዳስተማረው፣ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ የተጫነ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ፓምፑ በትንሽ ቱቦ የሚገፋው ዘይት ሰፊ ፒስተን ሲያገኝ ትልቅ ኃይል ይሆናል። በ180 ባር ግፊት እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የፒስተን ስፋት 183 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል።

እዚህ ላይ በቁጥር እንሥራው። ግንዱ 280፣ መንጋጋው 120፣ በድምሩ 400 ኪሎ ግራም ከምሰሶው 4 ሜትር ርቆ ተንጠልጥሏል እንበል። ክብደቱን በርቀቱ ስናባዛ 1,600 እናገኛለን። ክንዱ ራሱ 300 ኪሎ ግራም ቢመዝንና ክብደቱ 1.8 ሜትር ላይ ቢያርፍ 540 ይጨምራል፤ ድምሩ 2,140 ይሆናል። ይህን ብዜት ባለሙያዎች ሞመንት ይሉታል፤ የማንኛውም ክሬን እውነተኛ አቅም የሚለካውም በዚህ ነው። «500 ኪሎ ያነሣል» የሚል ሻጭ በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደሆነ ካልነገረን ምንም አልነገረንም።

ክንዱን የሚያነሣው ሲሊንደር ግን 4 ሜትር ላይ አይገፋም፤ የሚገፋው ከመዞሪያው ፒን 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ነው እንበል። 2,140 ለ0.25 ሲካፈል 8,560 ኪሎ ግራም ይሆናል። አራት መቶውን ኪሎ ለማንሣት ከስምንት ቶን ተኩል በላይ ግፊት ያስፈልጋል ማለት ነው። ውስጡ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር 9,200 ያህል ስለሚገፋ በወረቀት ላይ ይበቃል፤ ሆኖም ግንዱ ሲወዛወዝ ወይም በድንገት ሲቆም ጫናው ስለሚጨምር ትርፉ እጅግ ጠባብ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ወደ 14,400 ይገፋልና የሚመረጠው እርሱ ነው። አሁን ብየዳ ሠራተኛው ለመሥራት ስለተመቸው ብቻ ፒኑን ጥቂት ቢያዛውርና ርቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ኃይል 14,270 ይደርሳል፤ ትልቁ ሲሊንደር እንኳ ጣሪያው ላይ ደረሰ። ደግሞም ይህ ርቀት ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ይለዋወጣል። ስለዚህ ንድፉ ክንዱን በአንድ አኳኋን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በአምስት የተለያዩ አኳኋኖች ስሎና አስልቶ ማሳየት አለበት። ይህን ሥዕል ማቅረብ የማይችል ጋራዥ ክንድ መሥራት አይገባውም ብለን እናምናለን።

ፍጥነቱም የራሱ ጥያቄ አለው። በደቂቃ 40 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 10 ሳንቲ ሜትሩን ፒስተን በሴኮንድ 8.5 ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል፤ የክንዱ ጫፍ ግን ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይሄዳል፤ ይኸውም በሴኮንድ 1.36 ሜትር ነው። ትልቅ ፓምፕ መግጠም ሥራ ያፋጥናል የሚለው ምክር ከዚህ አንጻር መመርመር አለበት።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን መገልበጥ ነው። ክንዱና ምሰሶው ሳይቆጠሩ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባዶ ተሳቢ ደጋፊ እግሮቹ ከመካከሉ 1.1 ሜትር ተዘርግተው ቢቆም፣ የራሱ ክብደት 1,650 ይዞ ይቃወማል፤ ከላይ ያየነው ጭነትና ክንድ በጎን በኩል የሚገለብጡት በ1,370 ነው። ይቆማል፤ ነገር ግን በሜዳ ላይ ብቻ። ተዳፋት ሲሆን ያ ጥቂት ትርፍ ይጠፋል። ኦፕሬተሩ ቸኩሎ እግሮቹን ሳይዘረጋ ቢቀርና ተሳቢው ከመካከሉ 0.8 ሜትር ባሉት ጎማዎቹ ላይ ብቻ ቢቆም፣ የሚቃወመው 1,200፣ የሚገለብጠው 1,580 ይሆናል። ያለ ጥርጥር ይገለበጣል። በለስላሳ አፈር ላይ ደግሞ ከእግሩ ሥር ሰፊ ጣውላ ካልተነጠፈ የተዘረጋውም እግር ይሰምጣል።

ስለ ብረቱ ጥቂት እንበል። ክንዱ ጭነት ሲይዝ የላይኛው ገጹ ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። በላይኛው ገጽ ላይ በአግድም የተበየደ ማንኛውም ነገር፣ የቱቦ ማሰሪያም ቢሆን፣ ከጊዜ በኋላ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ማሰሪያዎች በጎኑ መካከል ይሁኑ። ስንጥቅ በታየ ጊዜ ላሜራ ለጥፎ መቀጠል አይበቃም፤ መንሥኤው መታወቅ አለበት።

በዘይቱ መንገድ ላይ ሁለት ቫልቮች ሊጎድሉ አይገባም። አንዱ ግፊቱ ከተወሰነው በላይ ሲሆን ዘይቱን ወደ ታንኩ የሚመልሰው ነው፤ ይህን አጥብቆ «ጉልበት መጨመር» በብዙ ቦታ የተለመደ፣ ፍጹም መከልከል ያለበት ድርጊት ነው። ሁለተኛው በሲሊንደሩ ራሱ ላይ የሚገጠምና ቱቦ ቢፈነዳ ዘይቱን ዘግቶ ክንዱን ባለበት የሚያቆመው ነው። ከፓምፑ አጠገብ ቢገጠም ጥቅም የለውም፤ የሚፈነዳው ቱቦ በመካከል ነውና። እንዲሁም በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ የታመቀ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ፍንጣቂ በእጅ አይፈለግም፤ ሞተር ጠፍቶ ግፊቱ ይለቀቃል፣ ፍለጋው የግድ ግፊት ካስፈለገው በካርቶን ቁራጭ ይደረጋል። ዘይት ቆዳ ውስጥ የገባበት ሰው ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ቢመስልም እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ርክክቡ ሲደረግ ኮሚቴው በቦታው ይገኝ። ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ ከዙሪያው ርቆ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር በራቀ ሜዳ ላይ፣ ከተፈቀደለት ጭነት በሩብ የበለጠ የተመዘነ ክብደት ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ዐሥር ደቂቃ ይያዝ። ለዚህ ፈተና ግፊቱን ማስተካከልና መመለስ የሠሪው ባለሙያ ድርሻ ነው። ክብደቱ ቁልቁል መንሸራተቱ በሜትር ይለካ፤ ከዚያም ብየዳዎቹ ተጠርገው አንድ በአንድ ይታዩ። በየርቀቱ የሚፈቀደው ጭነት በአማርኛ ተጽፎ በኦፕሬተሩ ፊት ካልተለጠፈ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም።