ሌላውን ጉንጭ ማዞር ማለት ምን ማለት ነው?

ንባብ፦ ማቴ. 5፥38-48፤ ዮሐ. 18፥19-23



አሸባሪ ወገኔን ሲገድል እኔ ክርስቲያኗ ምን ላድርግ? ይቅር ብል የሞቱትን መካድ አይሆንብኝም? ይህ ጥያቄ በትምህርት ቡድናችን በየጊዜው ስለሚነሣ ዛሬ በእርሱ ላይ እንቆያለን።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይሲስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ ልጅ የነበራችሁ ደግሞ ሰምታችኋል። ከመካከላቸው የአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩበት፤ እንደ እኛው እንጀራ ፍለጋ የወጡ። አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች።

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 8፣ በዚያው አገር የተሰዉ 21 ክርስቲያኖች ቪዲዮ ወጥቶ ነበር፦ 20 ግብፃውያን ኮፕቶችና አንድ ጋናዊ። ሁለት ወንድሞቹን ያጣ አንድ ግብፃዊ በክርስቲያን ቴሌቪዥን ስልክ ገብቶ፣ እግዚአብሔር የገዳዮቹን ዓይን እንዲከፍት ጸለየ። እናቱም ከገዳዮቹ አንዱን ብታገኝ ወደ ቤቷ እንደምታስገባው ነግራው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ 21ዱን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሰማዕታት መዝገብ አስገቧቸው፤ ኦርቶዶክስ ሆነው ሳለ ማለት ነው።

እናትየዋ ግድያው ቀላል ነው አላለችም። ቤተ ክርስቲያንም አትልም። ትምህርተ ክርስቶስ (ቁጥር 2297) ሽብር ፍትሕንና ፍቅርን በከባዱ እንደሚፃረር ያስተምራል። ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር ንጹሕ ሰው መግደልን አያጸድቅም። ሰውን ከጥቃት መከላከል ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም የሌሎች ሕይወት አደራ ላለበት ግዴታ ነው (2265)። ጦርነትን በተመለከተ መመዘኛው ጥብቅ ነው (2309)፦ ጉዳቱ ከባድና የተረጋገጠ፣ ሌላው መንገድ ሁሉ የተሞከረ፣ የመሳካት ተስፋ ያለው፣ ከሚወገደው ክፋት የባሰ የማያመጣ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2013 ዓ.ም. «ፍራቴሊ ቱቲ» በተባለው መልእክታቸው፣ በዛሬው የጦር መሣሪያ ጦርነትን ፍትሐዊ ብሎ መጥራት እጅግ እንደሚከብድ ጽፈዋል። መሣሪያ ላለመያዝ የወሰነ ሰውም ይመሰገናል፤ የሌላውን መብት እስካልጎዳ ድረስ (2306)። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ አስምሩባት፤ ጎረቤት ሲደበደብ በር ዘግቶ መቀመጥ ሰላም ወዳድነት አይደለም።

አሁን ወደ ጉንጩ። ወንጌሉ «ቀኝ ጉንጭ» ይላል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቀኝ እጁ ቀኝ ጉንጫችሁን የሚመታው በእጁ ጀርባ ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች በዚያ ዘመን ጌታ አገልጋዩን የሚያዋርደው እንዲህ ባለ ጥፊ ነበር ይላሉ። ሌላውን ጉንጭ ያዞረ ሰው አይማታም፣ አይሸሽምም፤ ቀና ብሎ ይቆማል። ትርጓሜው ለእኔ አሳማኝ ነው፤ ጌታችን ራሱ በሐና ፊት በጥፊ ሲመታ ዝም አላለምና። ጥፋት ካለበት እንዲመሰክርበት፣ ከሌለበት ግን ለምን እንደመታው ሎሌውን ጠየቀው።

ስለዚህ ማዳሟ የምትመታት እህት ለኤምባሲ ወይም ለምታምነው ሰው ብትናገር ወንጌልን አልጣሰችም። ቀኑን ትጻፍ፤ ከቻለች ቁስሉን ፎቶ ታንሣ። ነገር ግን በእናቲቱ ጥፋት ሕፃኑን መቆንጠጥ፣ ወተቱን መከልከል፣ ያ ሌላ ነው። መጠኑ ከሊቢያው ጋር አይወዳደርም፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል፦ አንዱን ለማሳመም ምንም ያላደረገውን ሌላ መምታት። ሽብርን ሽብር የሚያሰኘው ይኸው ነው።

በዚሁ መንገድ፣ ሊቢያን አስባችሁ አብራችሁ የምትሠራውን ሙስሊም እህት ብትጠሉ ያልሠራችውን ታስከፍሏታላችሁ። አይሲስ ብዙ ሙስሊሞችንም ገድሏል። ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስና የአል-አዝሃሩ ታላቅ ኢማም አህመድ አል-ጠይብ በአቡ ዳቢ የሰብአዊ ወንድማማችነትን ሰነድ ፈርመዋል። ሰነዱ ማንም በእግዚአብሔር ስም ሰውን እንዳያሸብር ይጠይቃል። የተፈረመው ብዙዎቻችሁ በምትሠሩበት በዚሁ የባሕረ ሰላጤ ምድር ነው።

ለውይይት፦ አንዲት እህት «ይቅር ብያታለሁ፣ ግን አመለክታለሁ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?