የትጥቅ ብልጫና የፍልሚያ ተደራሽነት፦ ከጉግስ ሜዳ እስከ በይነ መረብ የሚና ጨዋታ

አጠቃሎ

በበይነ መረብ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ተጫዋች በጊዜ፣ በድካም ወይም በገንዘብ የሚያገኘው ትጥቅ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር የሚያደርገውን ፍልሚያ ሚዛን ያዛባል። ይህ አጭር ጽሑፍ ችግሩን በጉግስ፣ በገናና በሰንጠረዥ ሕግጋት አንጻር ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው፣ ተደራሽነትና ሚዛን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በመሆናቸው አንዱን መፍታት ሌላውን አይፈታም፤ የትጥቅ ብልጫም ዋና ቦታው የፍልሚያው ውጤት ሳይሆን የተጫዋቹ ክብርና ምርጫ ሊሆን ይገባል የሚል ነው።

መግቢያ

ሰላ ድንጋይ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሰሜን ሸዋ የደጋ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ የነበረች ሲሆን፣ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ፈረስ የሰው የቅርብ ባልንጀራ በሆነበት በዚህ የደጋ አገር ጉግስ የበዓል ጌጥ ነው፤ የልደት ሰሞን ደግሞ የገና ጨዋታ ጊዜ ነው። በሜዳው ዳር የሚቆም ወጣት ዛሬ በእጁ በያዘው ስልክ በሩቅ አገር ካሉ ተጫዋቾች ጋር መፋለም ይችላል። ሁለቱ ሜዳዎች የተራራቁ ቢመስሉም የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። የተሻለ ትጥቅ ያለው ሰው በሌለው ላይ ምን ያህል ብልጫ ይገባዋል? ትጥቅ የሌለውስ ወደ ሜዳው እንዲገባ በሩ ምን ያህል ሊከፈትለት ይገባል?

የሚና ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ያንን ገጸ ባሕርይ በልምድና በትጥቅ እያጎለበተ የሚዘልቅበት ጨዋታ ነው። የጨዋታው ጣዕም የሚገኘው ከዚህ ዕድገት ነው። የዛሬው ሰይፍ ከትናንቱ ካልተሻለ፣ የትናንቱ ድካም ትርጉም ያጣል። ይሁንና ለአንዱ ተጫዋች ዕድገት የሆነው ነገር በፍልሚያ ሰዓት ለሌላው ግንብ ይሆንበታል። ዘግይቶ የመጣ፣ ጊዜ የሌለው ወይም የሚከፍለው ያጣ ተጫዋች ገና ሳይፋለም ይሸነፋል።

የብልጫው ስሌት

ችግሩ ከሚታሰበው በላይ ፈጥኖ የሚያድግበት ምክንያት በስሌት ሊታይ ይችላል። ሁለት እኩል ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 1000 የሕይወት ነጥብ አላቸው፣ በእያንዳንዱ ምትም 100 ነጥብ ይቀንሳሉ እንበል። አንዱ ሌላውን ለመጣል 10 ምት ያስፈልገዋል። አሁን አንደኛው ጥቃቱንም ሕይወቱንም በ20 በመቶ የሚያሳድግ ትጥቅ አገኘ። ምቱ 120፣ ሕይወቱ 1200 ይሆናል። እርሱ በ9 ምት ሲያሸንፍ፣ ተቃዋሚው 12 ምት ማሳረፍ ይኖርበታል። ትጥቁ በሁለት በኩል ስለሚሠራ ጠቅላላ ብልጫው 20 በመቶ አይደለም፤ 1.2 በ1.2 ሲባዛ 1.44 ማለትም 44 በመቶ ነው።

እንዲህ ያለው ዕድገት በአምስት እርከን ቢደራረብ ጥቃትም ሕይወትም ወደ 2.49 እጥፍ ያድጋሉ። ባለትጥቁ በ5 ምት ያሸንፋል፤ ጀማሪው 25 ምት ያስፈልገዋል። በዚህ ርቀት ላይ ችሎታ፣ ትዕግሥትና ብልሃት ዋጋ ያጣሉ፤ የፍልሚያው ውጤት አስቀድሞ ተወስኗል።

የብዛት ብልጫ ይህን ሊያካክስ ይችላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራው እንዳመለከተው፣ ሁሉም ተዋጊ በአንድ ጊዜ መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የአንድ ወገን ኃይል ከተዋጊዎቹ ብዛት ካሬ ጋር ያድጋል። በዚህ ሕግ መሠረት የ1.44 የትጥቅ ብልጫ ያላቸውን 10 ተጫዋቾች 12 ትጥቅ አልባዎች ሊመክቷቸው ይችላሉ። ብልጫው አምስት እርከን ሲደርስ ግን 25 ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ጦርነት የትጥቅ ልዩነትን በመጠኑ ይታገሣል፤ የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ግን አይታገሥም። ንድፍ አውጪ ለሁለቱም አንድ ደንብ ሲያወጣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጉግስና ገና፦ የተለያዩ ሁለት መፍትሔዎች

በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን እየጋለበ ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል፤ ቀጥሎም ተራው ይለዋወጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት የሚዛን ብልሃቶች ይታያሉ። አንደኛ፣ የሚወረወረው ዘንግ የብረት ጫፍ የለውም፤ ስለዚህ መሣሪያው በሁሉም እጅ ተመሳሳይ ነው። ሁለተኛ፣ አጥቂና ተከላካይ ተራ ስለሚለዋወጡ አንዱ ያገኘውን ዕድል ሌላውም ያገኛል። ሦስተኛ፣ የሀብትና የጀግንነት ልዩነት የሚገለጸው በጎፈር፣ በለምድና በፈረስ ጌጥ ነው። ጌጡ ባለቤቱን ከሩቅ ያስታውቃል እንጂ ዘንጉን አያከብደውም።

ይሁን እንጂ ጉግስ በሩ ጠባብ ነው። ፈጣን ፈረስ፣ ጋሻና የመጋለብ ልምድ የሌለው ሰው ከዳር ቆሞ ያያል እንጂ አይገባም። በፈረሶች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነትም በሕግ አይስተካከልም። ጉግስ ለገባው ሰው ሚዛን አለው፤ ለሁሉም ግን ተደራሽ አይደለም።

ገና የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚያስፈልገው ከጫካ የተቆረጠ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና ሩር ብቻ ነው። እረኛም፣ ገበሬም፣ የጌታ ልጅም ይገባል። በዚያን ቀን ጌታ በሎሌው ቢመታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዛል፤ ይህም የማኅበራዊ ማዕርግ ትጥቅ ከሜዳው ውጭ እንዲቀር የሚያደርግ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሆኖም በልማዳዊው አጨዋወት የሁለቱ ወገን ተጫዋቾች ቁጥር አይወሰንም፤ ሰው የበዛለት መንደር ይበረታል፤ ሜዳውም ወሰን የለውም። ገና በሩ ሰፊ ነው፤ ሚዛኑ ግን ልቅ ነው።

ከሁለቱ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሚዛን ከገቡ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ሲሆን፣ ተደራሽነት ከመግባት በፊት የሚነሣ ጥያቄ ነው። በሩን መክፈት ሜዳውን አያስተካክልም፤ ሜዳውን ማስተካከልም በሩን አይከፍትም።

ሰንጠረዥ፦ የድሉን ክብር መመዘን

ሦስተኛውን መንገድ የሚያሳየው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የዚህን ጨዋታ ታሪክና ደንብ ዘርዝረዋል። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ወረራ የተባለው ምዕራፍ የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። የሁለቱ ወገን ሠራዊት እኩል ነው፤ አሰላለፉ ግን የእያንዳንዱ ምርጫ ነው። እኩል ትጥቅ ምርጫን ያጠፋል የሚለው ስጋት እዚህ ላይ መልስ ያገኛል።

ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር በአሸናፊነት አቆጣጠር ላይ ነው። ብርቱ በሆኑት በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መያዝ እንደ ተራ ድል ይታያል፤ ደካማ በሆኑት በፊል ወይም በመደቅ መያዝ ግን ያስመሰግናል። ሕጉ ብርቱውን ጠጠር አይከለክልም፤ በእርሱ የሚገኘውን ክብር ግን ይቀንሳል። ብልጫ ያለው ተጫዋች ብልጫውን ትቶ በአስቸጋሪው መንገድ እንዲሄድ የሚገፋፋው ክልከላ ሳይሆን ይሉኝታና ምስጋና ነው።

በዓለም አቀፍ ጨዋታዎች የተሞከሩ መንገዶች

የበይነ መረብ ጨዋታ ሠሪዎች ባለፉት ዓመታት ከእነዚህ ጋር የሚቀራረቡ መንገዶችን ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይን ተጫዋቾች ያለ ፈቃዳቸው እንዲጠቁ ይፈቅድ ነበር። ጀማሪዎች ስለተጎዱ በ2000 ዓለሙ ለሁለት ተከፈለ፤ በአንደኛው ያለ ስምምነት ፍልሚያ ተከለከለ፣ በሌላው ቀጠለ። ይህ በሩን ከፈተ፤ ወደ ፍልሚያው ለሚገቡት ግን ሜዳውን አላስተካከለም።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2007 ከሌሎች ተጫዋቾች የሚደርስን ጉዳት ለመቀነስ የሚያገለግል ልዩ የትጥቅ ባሕርይ አስገባ። ዓላማው ሚዛን ነበር፤ ያስከተለው ግን ለፍልሚያ ብቻ የሚሰበሰብ ሁለተኛ የትጥቅ መሰላል ነው። ያንን ትጥቅ ያልያዘ አዲስ ገቢ ከበፊቱ ይልቅ ተጋለጠ። በ2016 ይኸው ጨዋታ የተለየ ሙከራ አደረገ፤ በፍልሚያ ሜዳ የእያንዳንዱ ሙያ አቅም አስቀድሞ በተወሰነ ልክ ሆኖ የትጥቅ ድርሻ እጅግ እንዲያንስ ተደረገ። ሚዛኑ ተሻሻለ፤ ሆኖም ለትጥቅ የደከመ ተጫዋች ድካሙ በፍልሚያ ዋጋ አጣ፤ በ2018ም ሥርዓቱ ቀረ።

በአንጻሩ ጊልድ ዋርስ ሁለት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ በተደራጀ ግጥሚያው ለሁሉም እኩል ደረጃና እኩል የትጥቅ አቅም ይሰጣል፤ ተጫዋቹ የሚመርጠው የአቅሙን ዓይነት እንጂ መጠኑን አይደለም። በድካም የተገኘው ሽልማት በአብዛኛው በመልክና በጌጥ ይገለጣል። ይህ ከጉግሱ ጎፈርና ከሰንጠረዡ ወረራ ጋር የሚዛመድ አሠራር ነው። የሁለቱ ጨዋታዎች የተለያየ ዕጣ የሚያመለክተው፣ እኩልነት የሚጸናው ከመጀመሪያው የጨዋታው ቃል ኪዳን ሲሆን ነው፤ ተጫዋቾች ለዓመታት ትጥቅን የድካም ዋጋ አድርገው ከቆጠሩ በኋላ እኩልነትን ማምጣት ግን እንደ ንጥቂያ ይቆጠራል።

የስልክ ጨዋታ ሌላ ፈተና አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዲያብሎ ኢሞርታል የገጸ ባሕርይን ኃይል የሚጨምሩ ዕንቁዎችን ማግኛ መንገድ በገንዘብ በመሸጡ ብዙ ነቀፌታ አስነሥቷል። እዚህ ላይ ትጥቅ የጊዜ ወይም የብልሃት ምልክት መሆኑ ይቀርና የኪስ ምልክት ይሆናል።

ጥያቄው በሰላ ድንጋይ ሲነሣ

ይህ ሁሉ በደጋው ከተማ ላለ ተጫዋች ምን ማለት ነው? ተጫዋቹ ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት የሚያልፋቸው በሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስልኩ ነው፤ ሁለተኛው ዳታው ነው፤ ሦስተኛው ርቀቱ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የጨዋታው አገልጋይ ኮምፒውተር 5,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ይዞራል፤ መዘግየቱም ይጨምራል። በፍጥነት ምላሽ ላይ በተመሠረተ ፍልሚያ ይህ መዘግየት በተቃዋሚው ትጥቅ ላይ የሚታከል ስውር ትጥቅ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚሸጥ ትጥቅ ሲጨመርበት፣ ወጣቱ በጉግስ ሜዳ ፈረስ እንደሌለው ሰው ከዳር ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚና ጨዋታ ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ወይም ባለሙያ ሦስት ውሳኔዎችን አስቀድሞ ሊያጤን ይገባል። አንደኛ፣ የበሩ ውሳኔ ነው፦ ፍልሚያው በዝቅተኛ ስልክ እንዲሠራና የዘገየ መልእክት የማይጎዳው፣ ለምሳሌ በተራ የሚካሄድ፣ እንዲሆን ማድረግ። ሁለተኛ፣ የሜዳው ውሳኔ ነው፦ በሁለት ሰዎች ግጥሚያ ትጥቅን እኩል ማድረግ፣ ወይም ጠቅላላ ዕድገቱን በጥቃትና በሕይወት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ መገደብ። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት ይህ ገደብ ባለትጥቁን 10፣ ጀማሪውን 11 ምት ያስከፍላል፤ ብልጫው ይታያል፣ ነገር ግን በአንድ ጥሩ ምከታ ሊካካስ ይችላል። ሰፊ የትጥቅ ልዩነት የሚፈቀድ ከሆነ ቦታው ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ጦርነት ነው። ሦስተኛ፣ የክብር ውሳኔ ነው፦ እንደ ሰንጠረዡ፣ በቀላል ትጥቅ የተገኘን ድል ከፍ ባለ ነጥብና ምስጋና መሸለም።

ማጠቃለያ

የትጥቅ ብልጫ በሚና ጨዋታ ውስጥ ሊጠፋ የሚገባው ነገር አይደለም፤ የተጫዋቹን ድካም የሚመሰክረው እርሱ ነውና። ጥያቄው ምስክርነቱ የት ይሰጥ የሚለው ነው። በበሩ ላይ ሲቆም ድሃውንና አዲስ መጪውን ይመልሳል፤ በሜዳው ላይ ሲቆም ችሎታን ከንቱ ያደርጋል፤ በክብር አደባባይ ሲቆም ግን ማንንም ሳይጎዳ ባለቤቱን ያስከብራል። የጉግስ ፈረሰኛ ጎፈሩን፣ የገና ተጫዋች የሜዳውን እኩልነት፣ የሰንጠረዥ አዋቂ በመደቅ የተገኘ ድሉን ይዘው ይህን ልዩነት በልማድ አጽንተውት ኖረዋል። ለሚቀጥለው ጨዋታ ንድፍ አውጪ የሚቀረው ሥራ ይህንኑ ልማድ ወደ ቁጥርና ወደ ደንብ መለወጥ ነው።