የእንሰት አጠውልግ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የጂኖም ንባብና ለአምራቹ ያለው ጥቅም

መግቢያ

እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የ20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ምግብ ነው፡፡ አንድ ተክል ለቆጮ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፡፡ ስለዚህ አጠውልግ በሽታ የገባበት ቤተሰብ የሚያጣው የአንድ ዓመት ሰብል ሳይሆን የብዙ ዓመት ድካሙን ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የበሽታው አምጪ ባክቴሪያ ጂኖም መነበቡ ምን እንዳስተማረንና ለገበሬው ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ እናቀርባለን፡፡

1. የበሽታው ታሪክ

ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሽታውን የሚያመጣው የዛንቶሞናስ ወገን የሆነ ባክቴሪያ መሆኑን አስታወቁ፡፡ በ1974 ደግሞ ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠወልግ ገለጹ፡፡ በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ ማሳዎች ላይ ታየ፤ ከዚያም በአካባቢው ወደሚገኙ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፡፡

2. ጂኖም ምንድን ነው?

ማንኛውም ሕያው ነገር ከወላጁ የሚወርሰው መመሪያ በአራት ዓይነት ኬሚካላዊ «ፊደላት» የተጻፈ ነው፡፡ የመመሪያው ጠቅላላ ጽሑፍ ጂኖም ይባላል፡፡ የዚህ ባክቴሪያ ጂኖም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፡፡ ባክቴሪያው በሚራባበት ጊዜ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል፤ ለውጡም ለተከታዩ ትውልድ ይተላለፋል፡፡ በመሆኑም ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰቡ ባክቴሪያዎችን ጽሑፍ በማስተያየት ዝምድናቸውን ማወቅ ይቻላል፡፡

3. ከንባቡ የተገኘ ውጤት

ሀ) የባክቴሪያው ረቂቅ ጂኖም በ2010 ታተመ፡፡ በ2012 በወጣ ጥናት ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰበሰቡት ናሙናዎች ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ በሁለት ዋና የዘር ሐረጎች ተከፍለው ተገኙ፡፡ ይህም በሽታው ወደ ሙዝ አብቃይ አካባቢዎች የገባው ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ምናልባትም ከኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል፡፡

ለ) በዚህ ባክቴሪያ ላይ ብቻ የሚገኙ ጂኖች በመለየታቸው በላቦራቶሪ በትክክል ለይቶ ለማወቅ መንገድ ተከፈተ፡፡

ሐ) በ2020 ባክቴሪያው ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ከተባለው ዝርያ ጋር ተመደበ፡፡ የቅርብ ዘመዶቹ ማሽላን፣ በቆሎንና ሸንኮራ አገዳን የሚያጠቁ ናቸው፡፡

4. ለአምራቹ የሚሰጠው ትምህርት

የጂኖሙ መነበብ የታመመን እንሰት የሚያድን መድኃኒት አላስገኘም፡፡ ነገር ግን ባክቴሪያው በየማሳው በራሱ የሚፈጠር ሳይሆን ከቦታ ወደ ቦታ የሚሻገር የአንድ ዘር ተሐዋስ መሆኑን አረጋግጦልናል፡፡ የሚሻገረውም በአብዛኛው በቢላዋ፣ በታመመ ችግኝና በእንስሳት ነው፡፡ መንገዱን መዝጋት ደግሞ በገበሬው እጅ ነው፡፡ ስለዚህ፡-

- የመሃሉ ቅጠል ጠውልጎ ሲታይና ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወጣው ተክሉን ወዲያው ነቅሎ መቅበር፤
- ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፤
- ችግኝ በሽታው ከሌለበት ማሳ ብቻ መውሰድ፤
- የታመመ ቅጠልና ግንድ ለከብት አለመስጠት፤ ከብቶች ወደ ማሳው እንዳይገቡ ማጠር፤
- በሚገኝበት አካባቢ እንደ ማዚያ ያለውን በሽታውን የተሻለ የሚቋቋም ዓይነት መትከል፡፡

አንድ ገበሬ ብቻውን ማሳውን ቢያጸዳ ጎረቤቱ ካላጸዳ በሽታው ይመለሳል፡፡ በመሆኑም የልማት ሠራተኞች የአንድ መንደር አምራቾች ሥራውን በአንድነትና በአንድ ወቅት እንዲያከናውኑ እንዲያስተባብሩ እናሳስባለን፡፡