ፖታሲየም ክሮሜት፦ ቢጫው ጠቋሚና የጎንደር ወንዞች

የጎንደርን ከተማ በምሥራቅና በምዕራብ የሚያዋስኗት አንገረብና ቀሃ ቁልቁል ወርደው ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም ጣና ሐይቅ ይደርሳል። በጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውኃ ነው። የእነዚህን ወንዞች የክሎራይድ መጠን ለመለካት የሚሻ ተማሪ የሞር ዘዴ የተባለውን ታይትሬሽን ሊጠቀም ይችላል። የዘዴው ጠቋሚ ፖታሲየም ክሮሜት ነው።

በ50 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ ባለ 5 በመቶ የፖታሲየም ክሮሜት ሙሙት 1 ሚሊ ሊትር ብንጨምር ውኃው ቢጫ ይሆናል፤ የክሮሜቱም ክምችት 0.005 ሞል በሊትር ያህል ነው። ከቢዩሬት ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ጠብ ስናደርግበት በመጀመሪያ ነጩ ሲልቨር ክሎራይድ ይዘቅጣል። ክሎራይዱ ሲያልቅ ቀዩ ሲልቨር ክሮሜት ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ቢዩሬቱን እንዘጋለን።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ግር ይላቸዋል። የሲልቨር ክሮሜት የሟሚነት ብዜት (1.1 × 10⁻¹²) ከሲልቨር ክሎራይድ (1.8 × 10⁻¹⁰) ያነሰ ሆኖ ሳለ ስለምን ኋላ ይዘቅጣል? ምክንያቱም አንድ ክሮሜት ሁለት የሲልቨር አዮኖችን ስለሚይዝ፣ በብዜቱ ውስጥ የሲልቨሩ ክምችት በራሱ ይባዛል። እናስላው፦ ሲልቨሩና ክሎራይዱ በሚተካከሉበት ነጥብ የሲልቨሩ ክምችት 0.000013 ሞል በሊትር ሲሆን፣ ክሮሜቱን ለማዝቀጥ የሚያስፈልገው 0.000015 ነው። ሁለቱ የተቀራረቡት በአጋጣሚ አይደለም፤ የጠቋሚው መጠን የተመረጠው ለዚሁ ነው።

ናሙናው አሲዳማ ከሆነ ግን ሁለት ክሮሜቶች ተጣምረው ብርቱካናማውን ዳይክሮሜት ይሠራሉ፤ ክሮሜቱ ስለሚያንስ ቀዩ ዝቃጭ ይዘገያል። ቤዛዊነቱ ሲበዛ ደግሞ ቡናማ ሲልቨር ኦክሳይድ ይዘቅጣል። ስለዚህ ፒኤቹን ከ7 እስከ 10 ባለው ውስጥ እንጠብቃለን፤ አሲዳማውን ናሙና በጥቂት ሶዲየም ባይካርቦኔት እናስተካክላለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በክሮሜትም በዳይክሮሜትም ውስጥ የክሮሚየም የኦክሲዴሽን ቁጥር +6 ነው፤ ይህም ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። (ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው +3 ሲሆን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው።) በዚያች 1 ሚሊ ሊትር ጠቋሚ ውስጥ ከ13 ሚሊ ግራም በላይ ክሮሚየም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን 0.05 ሚሊ ግራም በሊትር በመሆኑ፣ አንድ ታይትሬሽን ብቻ ከ260 ሊትር በላይ ውኃ እስከ ወሰኑ ያደርሳል። አርባ ተማሪዎች ቢደፉት ከ10,000 ሊትር ያልፋል፤ ቁልቁለቱም ወደ ጣና ነው።

ስለዚህ ጓንትና መነጽር አድርገን፣ የሲልቨሩን ዝቃጭ አጥልለን ለብቻው እናስቀምጣለን። የቀረውን በሰልፈሪክ አሲድ እስከ ፒኤች 2 ገደማ አሲዳማ አድርገን ፌረስ ሰልፌት እንጨምራለን፤ ለእያንዳንዱ ክሮሚየም ሦስት ብረት ያስፈልጋልና ጥቂት ትርፍ ቢኖረው ይመረጣል። ቁጥሩ ከ+6 ወደ +3 ይወርዳል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው የጎንደር ግንበኞች ለአብያተ መንግሥቱ የተጠቀሙበት ኖራ ነው! ፒኤቹ 8 ተኩል ገደማ እስኪደርስ ስንጨምረው ክሮሚየሙ ከብረቱ ጋር ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። ዝቃጩን አጥልለን፣ ስሙንና ቀኑን በጻፍንበት ዕቃ ከድነን እናኖረዋለን።