ለቤታችን ሁለተኛ ውሻ ስንመርጥ

ዋሂል በድሬዳዋ ገጠር ትገኛለች። ገበሬው ማሽላ ይዘራል፤ ፍየል፣ በግና ላም ያረባል፤ ግመል ያለውም አለ። ሌሊት ጅብ በበረቱ ዙሪያ ይዞራል፤ ቀን ደግሞ ዝንጀሮ ከማሽላው ይገባል። ስለዚህ በኦሮምኛ «ሰሬ»፣ በሶማልኛ «ኤይ» የሚባለው ውሻ ለዚህ አገር ሰው የቤት ጌጥ አይደለም፤ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል፤ ጥርሱም ይወልቃል። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ «ሌላ ውሻ እናምጣ» ይላል። ጥሩ። ግን የትኛውን?

ማንበብና መጻፍ ለማስተማር የወጣነው ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ስናነሣ የምንሰማው መልስ ባብዛኛው አንድ ነው፦ «ኃይለኛውን!» እኛ በዚህ አንስማማም። ትልቅ ጅብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ መንጋጋውም አጥንት ይሰብራል። የገጠር ውሻ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ታዲያ የቱን ያህል ኃይለኛ ቢሆን ብቻውን ጅብን ይችላል? አይችልም። እንዲያውም ጅብ ውሻን ራሱን ይበላዋል። የውሻ ሥራ ጅብን መግደል ሳይሆን ሰውን መቀስቀስ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ተረት የሚነቅፈው ደካማውን ውሻ አይደለም፤ የዘገየውን ነው። የምንፈልገው ነቅቶ በጊዜ የሚጮኸውን፣ ከበረቱም የማይርቀውን ነው። ኃይለኛው ውሻ ጅቡን ትቶ የጎረቤት ልጅ ቢነክስስ? የራሳችንን ግልገል ቢያንቅስ?

እንግዲህ አዲሱ ውሻ ባዶ ቤት አይገባም። ቤቱ ውስጥ አሮጌው ውሻ አለ፤ ፍየሎች፣ ድመትና ዶሮዎች አሉ፤ ልጆችም አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው ጎበዝ ነው ወይ?» ሳይሆን «ከእነዚህ ጋር ይኖራል ወይ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ዋናው ነገር ዕድሜ ነው። ቡችላ ሁለት ወር ያህል ሲሞላው ከእናቱ ሊለይ ይችላል። ከዚያ በፊት መውሰድ ጥሩ አይደለም፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ መናከስ እንዴት እንደሚገታ ገና አልተማረምና። ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ደግሞ አዲስ ነገር መልመድ እየከበደው ይሄዳል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ፍየል ሲያይ፣ ፍየል ሲያሸትና በፍየል አጠገብ ሲተኛ ያደገ ቡችላ ፍየልን እንደ ወገኑ ይቆጥራል። ድመትም እንደዚሁ ናት።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን የሚባለው የእንግሊዝ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1833 ዛሬ ኡራጓይ የምትባለውን አገር ሲጎበኝ፣ እረኛ ሳይኖር ከቤት ርቀው የበግ መንጋ የሚጠብቁ ውሾች አየ። ምሥጢሩን ሲጠይቅ ሰዎቹ ነገሩት። ቡችላውን ገና በሕፃንነቱ ከእናቱ ለይተው በግ ያጠቡታል፤ በበረቱ ውስጥ የሱፍ መኝታ ያዘጋጁለታል፤ ከሌሎች ውሾችና ከልጆችም ጋር አያገናኙትም። እኛ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ልጆቹንም መልመድ አለበት። መኝታውን ከጉረኖው አጠገብ ማድረግ ግን ማንም ይችላል።

ቡችላ ለመምረጥ ስንሄድ ከቡችሎቹ በፊት እናትየዋን እንመልከት። በፍየል መካከል ዝም ብላ የምታልፍ ናት ወይስ የምታባርር? ከጌታዋ ጋር ሆና እንግዳ ሲመጣ ጮኻ ትመለሳለች ወይስ ዘላ ትነክሳለች? ቡችሎቹ ብዙውን ከእሷ ይወርሳሉ፤ ከእሷም ይማራሉ። ከዚያ ቡችሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፍየሎቹ እናቅርባቸው። አሽትቶ፣ ፍየሏ ስትገፋው ፈቀቅ ብሎ፣ እንደገና የሚመለሰው ደኅና ነው። ተረከዟን እየነከሰ የሚያስሮጣት ይቅርብን። ከጥግ ተወሽቆ አልወጣም የሚለውም ለዘበኝነት አይሆንም። እርግጥ በቡችላነት የታየ ጠባይ ሁሉ ሲያድግ አይጸናም፤ ስለዚህ እናትየዋ ላይ ያየነውንም አብረን እንመዝን።

ወንድ ወይስ ሴት? ያለው ውሻ ወንድ ከሆነ ሌላ ወንድ ማምጣት ለጠብ በር ይከፍታል፤ ሁለት ሴቶችም ከተጣሉ ጠባቸው የከፋ ነው። ወንድና ሴት ይሻላሉ። ይሁን እንጂ ሴቷ ከተጠቃች በኋላ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድም ትችላለች። ወንድ በምትፈልግበት ሦስት ሳምንት ያህል የአካባቢው ወንድ ውሻ ሁሉ ግቢያችንን ይከብባል። ያን ጊዜ መዝጋት ነው፤ ወይም ማኮላሸት ይቻል እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሴት ቡችላን ግን «ሴት ናት» ብሎ ጫካ መጣል ነውር ነው። ሴት ውሻ በዘበኝነት ከወንድ አታንስም።

ያለው ውሻችንም ድምፅ አለው። የመጀመሪያው ትውውቅ ግቢው ውስጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ግቢው የእሱ ነዋ! ሜዳ ላይ፣ ሁለቱንም በገመድ ይዘን፣ ጎን ለጎን እናራምዳቸው። ምግባቸውን ለየብቻ፣ ተራርቀው እንስጣቸው፤ አሮጌው ይቅደም። ሌላም ነገር አለ፦ ቡችላ ከትልቁ ውሻ ይማራል። ትልቁ ለጅብ ሽታ ሲጮኽ እሱም ይጮኻል። ትልቁ እንቁላል ሌባ ከሆነ ግን ሁለት ሌባ ይኖረናል። ስለዚህ አሮጌውን ሳናርም አዲስ አናምጣ። ለድመቷ ደግሞ የምትሸሽበት ከፍ ያለ ቦታ ይኑራት፤ ዶሮዎቹም ቡችላው እስኪለምዳቸው ድረስ ካለ ጠባቂ አይተዉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንዳንድ ሰው ቡችላ ማሳደግ ይሰለቸውና ከከተማ መንገድ ላይ ያደገ ትልቅ ውሻ ጎትቶ ያመጣል። እንዲህ ያለው ውሻ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። ግን መከተቡን ማን ያውቃል? የእብድ ውሻ በሽታ ከተነከሰ ውሻ ላይ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ጤነኛ መስሎ የገባው ውሻ ከሁለት ወር በኋላ አሮጌውን ውሻ፣ ላሟንና ልጁን ሊነክስ ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ከተገደሉት ከ10ሩ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይድንም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ያሳየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም ዳነ።

ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። «መድኃኒት አዋቂ አለ» ተብሎ ቀን አይባክን። የነከሰው ውሻ የሚያዝ ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ ሰውየው ግን ያን እየጠበቀ አይቀመጥ። ቡችላችንን ሦስት ወር ሲሞላው እናስከትብ፤ ክትባቱንም በየዓመቱ እናስደግም። አሮጌውንም አብረን እንውሰደው። የአንድ ቤት መከተብ ብቻ አይበቃም፤ ከአካባቢው 100 ውሾች 70ዎቹ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ፣ በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል።

ሁለት ውሻ ያለው ቤት እርድ ላይም ይጠንቀቅ። ፍየል ሲታረድ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይታያል፤ ልማዳችን ለውሻ መወርወር ነው። እባጩ ግን የትል ዕጭ ነው። በውሻው ሆድ ገብቶ ትንሽ ኮሶ ይሆናል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይና የልጆች እጅ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሰውም በጉበቱና በሳንባው ላይ ያንኑ እባጭ ያወጣል። ጭንቅላቷን አዘንብላ ዙሪያዋን የምትሽከረከር ፍየልም ብዙ ጊዜ ከውሻ ኮሶ የመጣ እባጭ አንጎሏ ውስጥ አለ። የእንዲህ ያለች ፍየል ጭንቅላት ለውሻ አይሰጥም፤ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ውሻ ከቤት ማስገባትስ በሃይማኖታችን እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠይቀውናል። የዚህ መልስ የሸኾቹ ነው፤ እኛ የምናውቀውን ያህል ብቻ እንናገራለን። በእስልምና ሕግ ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። ውሻ የላሰው ዕቃ ደግሞ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ውሻው ውጭ ከበረቱ አጠገብ ቢኖርና የራሱ የመብልና የውሃ ዕቃ ቢኖረው ከሃይማኖቱም ሥርዓት፣ ከጤናውም ትምህርት ጋር ይስማማል።

የቀረው ምግብ ነው። ይህን ሰው ይረሳዋል። አንድ ውሻ የሚያጠግብ የማሽላ ፍርፋሪ ለሁለት ሲካፈል ሁለቱም ይራባሉ። የተራበ ውሻ በረቱን ትቶ ጥንብ ፍለጋ ይዞራል፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣም ግቢው ውስጥ የለም። በድርቅ ዓመት ውሃውም ይታሰባል። ፍርፋሪው የማይበቃ ቤት ሁለተኛውን ውሻ ለጊዜው ትቶ ያንን ጉልበት በእሾህ አጥሩ ላይ ቢያውል፣ አጥሩን ከፍና ጠበቅ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ለውይይት፦ ቤታችሁ ያለው ውሻ ስንት ዓመቱ ነው? መቼ ተከተበ? በሠፈራችሁ እናትየዋን የምታውቋት፣ ከፍየል ጋር ያደገች ሴት ውሻ የማን ናት? መቼስ ትወልዳለች?